ጂጎሮ ካኖና የጂዩጂትሱ ትምህርት

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ማን እንጻፍ በማለት ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ጦር ጀግና፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ፈላስፋ ይጻፍ አልን። በመጨረሻ ግን የሁላችንም አሳብ ወደ አንድ ሰው አዘነበለ፤ እርሱም ጃፓናዊው መምህር ጂጎሮ ካኖ ነው። ምክንያታችን እንዲህ ነው። በአሁኑ ጊዜ በከሚሴም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች ካራቴና ቴኳንዶ መማር ይወዳሉ፤ የብራዚል ጂዩጂትሱ የሚባለውንም መሬት ለመሬት የሚደረግ ትግል በየስልካቸው እየተመለከቱ ያደንቃሉ። ትምህርቱ ከየት እንደ ተነሣና ማን እንዳሳደገው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ወላጆቻችንም በበኩላቸው፥ ልጃችን ጠበኛ ይሆንብናል፥ ከትምህርቱም ይሰናከላል ብለው ይሰጋሉ። የካኖም አባት ይህን ነገር አልወደዱለትም ነበር። እንግዲህ የዚህ ሰው ታሪክ ለተማሪም፥ ለመምህርም፥ ለወላጅም የሚሆን ነገር ስላለበት መረጥነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ጂጎሮ ካኖ በ1860 ዓ.ም. ዛሬ የኮቤ ከተማ ክፍል በሆነችው በሚካጌ መንደር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ በመጥመቅ የታወቀና ኑሮው የተደላደለ ነበር። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ስለ ሞተችበት አባቱ ወደ ቶኪዮ ወሰዱትና በዚያ ለትምህርት ሰጡት። ያን ጊዜ ጃፓን በሯን ለውጭ አገር ሰው ከከፈተች ብዙ ዓመት አልሆናትም። የሰይፍ ዘመን እያለፈ የመጽሐፍ ዘመን እየገባ ስለ ነበረ፥ አባቱ ልጃቸው የእንግሊዝኛ ቋንቋና የአውሮጳን ጥበብ እንዲማር ፈለጉ። ይህ ዘመን በአገራችንም ብዙ ሲያነጋግር የኖረ ነው፤ ከበደ ሚካኤል ጃፓን እንደምን ሠለጠነች የሚለውን መጽሐፍ የጻፉበት ዘመን ይኸው ነው።

ካኖ በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፤ ቁመቱ ግን አጭር፥ ሰውነቱም ቀጭን ነበር። ካደገም በኋላ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር አላለፈም። በገባበት አዳሪ ትምህርት ቤት ጉልበተኞቹ ልጆች ይደበድቡትና ይጫወቱበት ጀመር። በክፍል ውስጥ አንደኛ መሆን ከክፍል ውጭ እንደማያድን የተረዳው በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህንን ከእኛም መካከል የሚያውቀው አይጠፋም። ጂዩጂትሱ የሚባል፥ ደካማው ብርቱውን የሚጥልበት ብልሃት መኖሩን ሰምቶ ስለ ነበረ፥ ያስተምሩት ዘንድ የቤተ ሰቡን ወዳጆች እየዞረ ለመነ። አንዱ ጊዜው አልፎበታል አለው፤ ሌላው ሊያስተምረው ቃል ገባና ዝም አለ። አባቱም ላዲሱ ዘመን የማይጠቅም ነገር ነው ብለው ከለከሉት።

እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በ1877 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ዩኒቨርስቲ እንደ ገባ መምህር የሚያገኝበትን አንድ ብልሃት ዘየደ። የጦረኞቹ መደብ ከተሻረ ወዲህ የጂዩጂትሱ መምህራን ተማሪ ስላጡ፥ አብዛኞቹ በወጌሻነት ይተዳደሩ ነበር። ሰውን መጣል የሚያውቅ ሰው የወለቀውን መመለስና የተሰበረውን መጠገን ማወቁ አይቀርምና። ስለዚህ ካኖ በየመንገዱ የወጌሻ ምልክት የተሰቀለበትን ቤት ባየ ቍጥር እየገባ፥ ጂዩጂትሱ ያውቁ እንደ ሆነ ይጠይቅ ጀመር። ብዙ ደጅ ከመታ በኋላ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ሐቺኖሱኬ ፉኩዳ ወደ ተባሉት መምህር መሩት።

ፉኩዳ የሚያስተምሩት በወጌሻ ቤታቸው ውስጥ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ካኖን አንሥተው ጣሉት። ካኖም ተነሥቶ፥ አሁን እጅዎን እንዴት አደረጉ፥ እግርዎንስ ወዴት አሳለፉ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ መልስ በመስጠት ፈንታ እንደገና ጣሉት። ሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቅ ሦስተኛ ጊዜ ጣሉት። ትምህርቱ በሰውነት የሚገባ እንጂ በቃል የሚነገር አይደለም ማለታቸው ነበር። ካኖ መምህሩን እጅግ ቢያከብርም በዚህ አልረካም፤ ለእያንዳንዱ መጣል ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብሎ ያስብ ነበርና። ሰውነቱ በየቀኑ እየቈሰለ፥ መድኃኒት ተቀብቶ ወደ ዩኒቨርስቲው ሲሄድ ጓደኞቹ በሽታው ይስቁበት እንደ ነበረ ይነገራል።

በዚያ ቤት ፉኩሺማ የሚባል፥ ሰውነቱ ግዙፍ የሆነ ነባር ተማሪ ነበር። ካኖ ምንም ቢያደርግ እርሱን ሊነቀንቀው አልቻለም። በመጀመሪያ ሱሞ የሚባለውን የጃፓን ትግል ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄዶ ምክር ጠየቀ፤ አልሠራለትም። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር እኛን በጣም ደስ አሰኝቶናል፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ስለ አውሮጳውያን ትግል የተጻፉ መጻሕፍትን ሲያገላብጥ ሰውን በትከሻ ላይ ተሸክሞ የሚጥሉበትን አንድ ዘዴ አገኘ፤ ከጓደኛው ጋራም በስውር ተለማመደው። በሚቀጥለው ጊዜ ከፉኩሺማ ጋራ ሲገጥም ዝቅ ብሎ ገባበትና ያንን የሚያህል ሰው በትከሻው ላይ አንከባሎ መሬት አገናኘው። ይህ አጣጣል የትከሻ መንኰራኵር ተብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በ1879 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄኔራል ግራንት ቶኪዮን በጐበኙ ጊዜ፥ በፊታቸው የጂዩጂትሱ ትርዒት ካሳዩት መካከል ፉኩዳና ወጣቱ ካኖ ነበሩበት። ፉኩዳ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቈዩ ሞቱ። የመምህሩ ቤተ ሰብ መጻሕፍታቸውን ለካኖ ሰጠው፤ ከዚያም ኢሶ ወደ ተባሉት መምህር ሄደ። በ1881 ዓ.ም. እርሳቸውም ስለ ሞቱ በሦስተኛ ኢኩቦ ወደ ተባሉት፥ የሌላ ትምህርት ስልት ወደሚያውቁት አዋቂ ተጠጋ። የፊተኞቹ መምህራን ማነቅንና መቈለፍን ሲያስተምሩት፥ እኒህ ደግሞ ቆሞ መጣልን አስተማሩት። ኢኩቦ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበረ፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ እርሳቸውን የሚጥላቸው አልተገኘም። አንድ ቀን ግን ካኖ ደጋግሞ ጣላቸው። ሽማግሌው ተገርመው ምክንያቱን ቢጠይቁት፥ ሰው ከመጣሉ በፊት አስቀድሞ ሚዛኑ መሰበር እንዳለበት፥ እርሱም ሲገፉት እየሳበ ሲስቡት እየገፋ ይህንን እንዳጠና ነገራቸው። መምህሩም ከእንግዲህ የማስተምርህ የለኝም ብለው አሰናበቱት ይባላል።

ይህንን የሚዛን ነገር ካኖ በኋላ በቍጥር ያስረዳ ነበር። የአንዱ ሰው ጕልበት 10፥ የሌላው 7 ነው እንበል። ባለ 10ሩ በሙሉ ኀይሉ ሲገፋ ባለ 7ቱ ቢቋቋመው መሸነፉ አይቀርም። ነገር ግን ሳይቋቋም በገፋው ልክ ቢሸሽለት፥ ገፊው ወደ ፊት ያዘነብላል። በዚያች ቅጽበት ጕልበቱ እንደ 3 ይሆናል፤ የሌላው ግን ያው 7 ነው። በጂዩጂትሱ ስም ውስጥ ያለው ጂዩ የሚለው ቃል ለስላሳነትን ወይም እሺ ባይነትን የሚያመለክተው ስለዚህ ነው። በጨፋ ሸለቆ ከብት ሲጠብቁ ትግል የገጠሙ ልጆች ሁሉ ይህንን ሳያውቁት ያውቁታል። ተቃራኒያቸው ሲንደረደር ፈቀቅ ብለው እግሩን ጠልፈው ሲጥሉት ቍጥሩን አላሰቡትም፤ ሥራው ግን አንድ ነው። በነገራችን ላይ፥ በቦርከና ወንዝ ዳር በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር የሚሰማራበት ያ ለምለም ሣር ለመውደቅ ምንኛ እንደሚመች የሞከረው ያውቀዋል፤ ጃፓኖች ግን ለዚህ ከገለባ የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ያነጥፉ ነበር።

ካኖ ዩኒቨርስቲውን በጨረሰ በዓመቱ፥ በ1882 ዓ.ም.፥ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ቦታው ኤይሾጂ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ፥ ስፋቱ 12 ምንጣፍ፥ ተማሪዎቹም 9 ነበሩ። ስሙን ኮዶካን አለው፤ መንገድን የሚማሩበት ቤት እንደ ማለት ነው። ትምህርቱንም ጁዶ ብሎ ሰየመው። ጂትሱ ማለት ብልሃት ሲሆን፥ ዶ ማለት መንገድ ነው፤ እርሱ የሚፈልገው ሰው የሚጣልበትን ብልሃት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚታነጽበትን መንገድ ነበርና። ተማሪዎቹ ሲወድቁ የቤተ መቅደሱ ወለል እየተናጋ የሙታን መታሰቢያ ጽላቶች ከየመደርደሪያቸው ይወድቁ ስለ ነበር መነኵሴው አጥብቀው ተቈጡ። ካኖም ሌሊት ሻማ ይዞ ከወለሉ ሥር እየገባ የተሰበረውን ሳንቃ ይጠግን ነበር። በዚያው ዓመት የመኳንንት ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት መምህርነት ተቀጥሮ ስለ ነበረ፥ ኮዶካንን ያቆመው በዚያ ደመወዙና በትርጕም ሥራ በሚያገኘው ገንዘብ ነው።

ካኖ በእውነት አዲስ ነገር ያመጣው እዚህ ላይ ይመስለናል። በድሮው ጂዩጂትሱ ውስጥ ዐይን መጓጐጥ፥ ጣት መስበርና መርገጥ ስለ ነበረበት፥ ተማሪዎቹ እውነተኛ ግጥሚያ ቢያደርጉ አካለ ስንኩል ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚለማመዱት አስቀድሞ በተወሰነ አኳኋን ነበር። ካኖ አደገኛውን ከነጻው ልምምድ አወጣ። አወዳደቅንም ከሁሉ አስቀድሞ አስተማረ፤ ተማሪው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፥ በክንዱ ምንጣፉን እየመታ የመውደቁን ኀይል እንዲበትን አደረገ። የታነቀ ወይም ክንዱ የተቈለፈበት ሰው ተቃራኒውን ወይም መሬቱን መታ መታ ካደረገ ወዲያው እንዲለቀቅ ተወሰነ። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች በሙሉ ጕልበታቸው ታግለው፥ ማታ ወደየቤታቸው በደኅና ሊመለሱ፥ በማግሥቱም እንደገና ሊታገሉ ቻሉ። አንድ ብልሃት ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የመምህሩ ቃል መሆኑ ቀርቶ ልምምዱ ራሱ ሆነ። ዳን የሚባለውን የማዕርግ ደረጃና ለባለ ማዕርጎች የሚሰጠውን ጥቍር ቀበቶ ያስጀመረውም ካኖ ነው፤ ካራቴና ቴኳንዶ ከእርሱ ወሰዱት። ጥቍር ቀበቶ ለመታጠቅ የሚጓጉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህንን ቢያውቁ መልካም ነው።

ሴቶችንም ከትምህርቱ አላራቃቸውም፤ በ1926 ዓ.ም. በኮዶካን የሴቶች ክፍል ተከፈተ። የመጀመሪያ መምህሩ የፉኩዳ የልጅ ልጅ የሆነችውን ኬይኮ ፉኩዳንም ራሱ ጠርቶ እንድትማር አደረገ። እርሷ በኋላ በአሜሪካ ስታስተምር ኖራ በ99 ዓመቷ በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ በአሜሪካ የጁዶ ማኅበርም እስከ 10ኛ ዳን ደርሳለች።

ካኖ ኑሮውን ያሳለፈው በትግል ቤት ብቻ አይደለም። የቶኪዮ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኖ በጠቅላላው ወደ 25 ዓመት ያህል ሠርቷል፤ ተማሪዎቹም እየተመረቁ በጃፓን ክፍለ አገሮች ሁሉ መምህራን ሆኑ። ከቻይና ለሚመጡ ተማሪዎችም ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ታላቁ የቻይና ደራሲ ሉ ሹን በወጣትነቱ ከተማሩት አንዱ ነው።

አሁን ወደ ብራዚል ጂዩጂትሱ እንመለስ። በ1914 ዓ.ም. በጃፓን በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች መካከል የጁዶ ውድድር ተጀመረ። ተማሪዎቹ ትምህርት ቤታቸውን ለማስመስገን ብለው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ቆሞ መጣልን በደንብ ለመማር ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ መሬት ላይ ይዞ ማስቀረትን፥ መቈለፍንና ማነቅን ግን በትጋት የሚለማመድ ሰው ባጭር ጊዜ ይደርስበታል። ስለዚህ ገና ሲጀመር ወደ መሬት መውረድን ሥራዬ ብለው ያዙት። ካኖ ይህንን አልወደደውም። ሁለት ሰው መሬት ላይ ተጣብቆ ቢውል ሌላ ጠላት ቢመጣ ምን ይሆናል የሚል አሳብ ነበረው፤ በ1925 ዓ.ም. የኮዶካን ደንብ የመሬት ትግልን እንዲቀንስ ሆኖ ተሻሻለ። እኛ ግን በዚህ ነገር ከተማሪዎቹ ጋራ ነን፤ ደካማ ልጅ ጕልበተኛውን የሚረታበት መንገድ ከተገኘ የካኖ የራሱ የልጅነት ምኞት ተፈጸመ ማለት አይደለምን?

የመሬቱ ትግል ወደ ሩቅ አገር የሄደበት ሌላም መንገድ አለ። ሚትሱዮ ማዔዳ የሚባል የኮዶካን ተማሪ በ1904 ዓ.ም. ጁዶን ለማስተዋወቅ ወደ አሜሪካ ተላከ። ከዚያም በእንግሊዝ፥ በስፔን፥ በኩባና በሜክሲኮ እየዞረ ከብዙ ታጋዮች ጋራ ገጠመ። በ1914 ዓ.ም. ብራዚል ደረሰና በአማዞን ወንዝ መውጫ በምትገኘው በቤሌም ከተማ ኑሮውን መሠረተ፤ በዚያም በ1941 ዓ.ም. ሞተ። በ1917 ዓ.ም. ግድም ካርሎስ ግሬሲ የሚባለው ወጣት ከእርሱ ተማረ። በዚያን ጊዜ ጁዶ በውጭ አገር ጂዩጂትሱ እየተባለ ይጠራ ስለ ነበረ በብራዚል ያው ስም ጸንቶ ቀረ። ካርሎስ ለወንድሞቹ አስተማረ፤ ከእነርሱም ሄሊዮ የሚባለው ታናሹ ሰውነቱ ደቃቃ ስለ ነበረ በጕልበት ሳይሆን በአያያዝና በጊዜ አጠባበቅ ላይ የተመሠረተውን ክፍል አጥብቆ ያዘ። በ1951 ዓ.ም. በሪዮ ደ ጃኔይሮ ጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ክንዱን ቈልፎ አሸነፈው፤ ብራዚሎች ግን ያንን አቈላለፍ በአሸናፊው ስም ኪሙራ ብለው ሰየሙት፤ ዛሬም በየትምህርት ቤታቸው በዚሁ ስም ይማሩታል። በ1993 ዓ.ም. የሄሊዮ ልጅ ሮይስ በአሜሪካ በተደረገ ልዩ ልዩ የትግል ዐይነት በተገናኘበት ውድድር ከእርሱ የሚከብዱትን ሰዎች እየረታ ስላሸነፈ የትግሉ ዝና በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ካኖ በ1909 ዓ.ም. ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ። በ1912 ዓ.ም. ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ በስቶክሆልም ኦሎምፒክ ስትካፈል ይዟቸው የሄደው ሁለት ስፖርተኞች ብቻ ነበር። ከሁለቱ አንዱ፥ የካኖ የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ሺዞ ካናኩሪ፥ በማራቶኑ ሩጫ ሙቀት አድክሞት በመንገድ ቀረ። ለአገሩ ሰዎች ኀፍረት ሆኖበት ሳለ ካኖ ግን አልተቈጣውም፤ ካናኩሪም አገሩ ገብቶ የጃፓን የረጅም ርቀት ሩጫ አባት ለመባል በቃ።

የእኛ አገር ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. ጃፓንን በጐበኙ ጊዜ ካኖ የ70 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ኦሎምፒክን ወደ ቶኪዮ ለማምጣት ይደክም ነበር። በ1936 ዓ.ም. የ1940 ዓ.ም. ጨዋታ ለቶኪዮ ተፈቀደ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጃፓን ቻይናን ወረረች። ልጆቻቸውን ወደ ካኖ ትምህርት ቤት ልከው የነበሩት ቻይናውያን ከተሞቻቸው ሲቃጠሉ አዩ፤ ጨዋታው ከቶኪዮ ይነሣ የሚል ድምፅ በየአገሩ ተሰማ። ካኖ በ77 ዓመቱ፥ በ1938 ዓ.ም.፥ እስከ ካይሮ ሄዶ በኮሚቴው ጉባኤ ላይ ተሟገተና ጨዋታው ለቶኪዮ ጸናለት። በአሜሪካ በኩል አድርጎ ሂካዋ ማሩ በምትባለው መርከብ ሲመለስ ሳንባው ታመመ፤ ዮኮሐማ ለመድረስ ሁለት ቀን ሲቀረው በግንቦት 4 ቀን በባሕር ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የጃፓን መንግሥት ለጦርነቱ ሲል ጨዋታውን ተወው።

ቶኪዮ ኦሎምፒክን ያገኘችው ከ26 ዓመት በኋላ፥ በ1964 ዓ.ም. ነው። ጁዶም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ኦሎምፒክ ውስጥ ገባ። ጥቅምት 21 ቀን አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ከ2 ፈጽሞ ሁለተኛውን የወርቅ ሜዳይ ለኢትዮጵያ አስገኘ፤ ጃፓኖችም ተነሥተው አጨበጨቡለት። ከሁለት ቀን በኋላ በከተማዋ ማዕከል በተሠራው ታላቅ አዳራሽ፥ ክብደት በማይለይበት የጁዶ ግጥሚያ የጃፓኑ ካሚናጋ ከሆላንዱ ግዙፍ ሰው ከአንቶን ጌሲንክ ጋራ ተገናኘ። ጌሲንክ መሬት ላይ ይዞ አስቀረው። የጃፓን ሕዝብ በዝምታና በለቅሶ ሲቀመጥ የአሸናፊው አገር ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ተነሡ፤ ጌሲንክ ግን ገና ከተሸናፊው ላይ ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው፤ ከዚያም ተነሥቶ ልብሱን አስተካከለና ለካሚናጋ እጅ ነሣ።